ክንዱ የተወው ድምፅ

ይድረስ ለእታለም፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ልጅሽ ክርስትና ተነሥታ፣ አንቺም ከአራስነትሽ ወጥተሽ፣ አያ ጎሹም የመጣበትን ነገር ነግሮሽ ይሆናል። ከዚያ በፊት እንዳይሰጥሽ አስምዬዋለሁ። እናታችን ግን በመሐላው ብቻ አላመነችም፤ ከኮቱ ውስጠኛ ኪስ አስገብታ በመርፌ ሰፋችበት። ስለዚህ ወረቀቱ ተጨማድዶ ቢደርስሽ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ ጠና ወይ? ልጅቷስ ጡት በደንብ ትይዛለች? የሐዋሳ ሙቀት አላስቸገራችሁም? እዚህ ጎንደር የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ጓሯችን አረንጓዴ ሆኗል። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ትቆማለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። እኔ ትምህርቴን አላቋረጥሁም፤ ፈተናም ደርሷል። ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ራስ ‹ደህና ነኝ› ማለት ደንብ ነው። እኔ ግን ያችን ቃል እዚህ ላይ አልጻፍኋትም። ምክንያቱን ስታነቢ ታገኚዋለሽ።

ወንድማችን ክንዱ እንዴት እንደ ሞተ አያ ጎሹ ነግሮሻልና አልደግመውም። የሱቅ ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ ሊያሰማ ኮላ ድባ ሄዶ ሲመለስ ማኪናው ተገለበጠ፤ በቃ። አንቺ ከወለድሽ ገና ሳምንት አልሞላሽም ነበር። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ከሱ እኩል ያንቺን ነገር ያነሣ ነበር። አያ ጎሹ፣ የቤተ ዘመዱ ታላቅ ነውና፣ ከእንፍራንዝ እንደ ደረሰ፣ ገና አቧራው ሳይራገፍለት፣ ድንኳኑ መካከል ቆመ። ለአራስ መርዶ አይነገርም፣ ወተቷ ይደርቃል፣ ሰማንያ ቀኑ ሞልቶ ልጅቷ ክርስትና ሳትነሣ ከዚህ ቤት አንዲት ቃል ብትወጣ ጠቡ ከኔ ጋር ነው፣ አለ። ሁሉንም አስማለ። ባለቤትሽም በስልክ ማለ። እኔም ማልሁ።

ከዚያ አንቺ ትደውያለሽ። ክንዱስ? ትያለሽ። እናታችን መጀመሪያ፣ ኮላ ድባ ሥራ ይዞ ነው አለችሽ። ቀጥላ ስልኩ ተበላሽቶ ነው አለችሽ። ኋላ ደግሞ ጉሮሮውን አሞት ሐኪም አትናገር ብሎት ነው አለችሽ። በድምፁ ለሚያድር ሰው ሸጋ ሰበብ ነበር። ግን ይህን ባለች ቁጥር ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ትደገፋለች።

አንድ እሑድ ክንዱስ ስትያት ስልኩን ለኔ ሰጥታ ወጣች። እኔ መሆኔን አውቀሽ ይሁን ሳታውቂ እንጃ፣ ድምፁን ሳልሰማ ልጄን ክርስትና አላስነሣም አልሽ። ልጅቷ ስታቃስት ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለሽ፣ የቆየም ቢሆን፣ አልሽና ዘጋሽው።

ሳሎን ለተቀመጡት የመጀመሪያውን ብቻ ነገርኋቸው። የመጨረሻዋን ለራሴ ይዤ ቀረሁ።

ቤቱ ታመሰ። መላ ያመጣው አያ ጎሹ ነው። ክንዱ በኮምፒውተር ድምፅ ሲቆርጥና ሲቀጥል አንድ ጊዜ አይቶት ነበር። ምነው ትጨነቃላችሁ፣ አለ፤ ያ ልጅ ስንት ዓመት ሙሉ ከማኪና ላይ ሲለፈልፍ ኖሮ አንዲት ደህና ነኝ ትጠፋ? ከዚያ ቆርጠህ ከዚህ ቀጥለህ ላክላት፣ አለኝ። እናታችን ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ልጅቷ ያለ ክርስትና ከምትቀር እሺ፣ አልሁ።

እታለም፣ አንቺ ባል ካገባሽ ወዲህ ቤታችን ሁለት ኮምፒውተር ገብቶበታል። ትልቁ የክንዱ ነው፤ ውስጠኛው ክፍል፣ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ድምፅ የሚቀዳበት። ሳሎን ያለችው ላፕቶፕ የኔ ናት። ክንዱ ሥራውን የሚያስቀምጥበትን ፎልደር ለላፕቶፔ አጋርቶልኝ ነበር፤ እሱ በሌለበት ደንበኛ ሲመጣ እዚያው ሳሎን ከፍቼ በፍላሽ እገለብጥለታለሁ። የሱ ኮምፒውተር በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነው፤ ቃሉን ለማንም አልነገረም። ስለዚህ ወደ ድምፁ የሚያስገባው ያ የጋራ ፎልደር ብቻ ነበር።

ትልቁን ኮምፒውተር አበራሁት። ይለፍ ቃል ጠይቆ ቆመ። እሱ ግድ የለም፤ ቁልፉ ላይ ቢቆምም የጋራውን ፎልደር ይሰጣል። ሳሎን ተመልሼ ፎልደሩን ብነካው ግን ኮምፒውተሩን ላገኘው አልቻልሁም አለኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ገመዱን ነቀልሁ፣ ሰካሁ። የኮምፒውተሩን ስም ፊደል በፊደል ጻፍሁ። የለም። በግድግዳው ማዶ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሲያጉረመርም ይሰማኛል፤ ላፕቶፔ ግን የለም ትለኛለች። ከትምህርት ቤት በተመለስሁ ቁጥር ቦርሳዬን ሳላወርድ እሞክራለሁ። ይለፍ ቃሉንም መገመት ጀመርሁ፤ የእናታችንን ስም፣ ያንቺን፣ የኔን። አንዱም አልሆነ። መጨረሻ ላይ ክንዱ ራሱ ፈቃዱን ነሥቶኝ የሄደ መሰለኝ። በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ቀላል ነው። ቢሆንም አልተውሁትም።

ሥርጉት የምትባል የክፍሌ ልጅ አለች። ኮምፒውተር ላይ ከሁላችንም ትፈጥናለች፣ ምላሷም እንደዚያው ነው። ከልጆች ጋር ልታስተዛዝነኝ መጥታ ስታገል አየችኝ። ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረችና፣ ኢንተርኔት አለህ? አለችኝ። አለኝ፣ እንዲያውም ፈጣን ነው፣ አልኋት። የማን? አለች። የቤታችን ነዋ! አልሁ። የዋይፋዩን ስም በጣቷ አሳየችኝ። የጎረቤታችን የእትዬ የትነበርሽ ነበር። ሥርጉት ሣቀች፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን ያዘች፤ ግን አላስቻላትም። የጎረቤት ሽሮ እየበላህ የእናቴ ድስት ምነው ዝም አለ ትላለህ? አለችኝ።

ለካ ድንኳኑ ሲተከል አምፑል የሚሰካበት ጠፍቶ የአጎታችን ልጆች የራውተራችንን ሶኬት ነቅለውታል። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ እትዬ የትነበርሽ፣ ዘመድ በየሀገሩ ይጠራበት ብላ የራሷን ዋይፋይ ለለቀስተኛው ሁሉ ሰጠች። አንዱ በኔም ላፕቶፕ ላይ አስገብቶታል። ድንኳኑ ሲነሣ ራውተራችን ተመልሶ ተሰካ፤ የክንዱ ኮምፒውተር በገመድ የተያያዘው ከሱ ጋር ነው። ላፕቶፔ ግን እዚያው ጎረቤት ቀረች። ኢንተርኔት ስላልጎደላት እኔም አልጠረጠርሁ። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው በሁለት ቤት ሲኖሩ ነበር። የዘጋብኝ ሰው አልነበረም።

ወደ ራሳችን ዋይፋይ መለስኋት። አሁንም አላየችውም፤ የቤታችንን መስመር እንደ ካፌ መስመር የማታምነው አድርጋ ይዛው ነበር። ሥርጉት ቅንብሩን የቤት ነው ወደሚለው ቀየረችና፣ የራሳችሁ ነው እመኚው እንጂ፣ አለቻት ላፕቶፏን። ወዲያው የክንዱ ኮምፒውተር ስም ብቅ አለ። ስነካው ተከፈተ። ይለፍ ቃል እንኳ አልጠየቀኝም፤ ክንዱ ድሮ ራሱ ጽፎ አስታውሺ ብሏት ኖሯል፣ አልረሳችም። ሥርጉት ልትሥቅብኝ ቀና ብላ ፊቴን ስታይ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

አንዱን ፋይል ስሙን ልለውጥ ብል ከለከለኝ። ክንዱ የሰጠኝ ፈቃድ መክፈትና መስማት እንጂ መለወጥ አልነበረም፤ ሥራውን እንዳላበላሽበት ነው። ወደ ላፕቶፔ ከገለበጥሁት በኋላ ግን እንደ ልቤ መቁረጥ እንደምችል አውቃለሁ። ገለበጥሁት።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለስሁ ተቀመጥሁ። እናታችን ጓሮ ልብስ ታጥባለች። የጆሮ ማዳመጫው ከክንዱ ጋር ማኪናው ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከፈትሁ። የአዘዞ ነዋሪዎች ሆይ! የማራኪ፣ የፒያሳ! ፍራሽ ለገዛ ትራስ እንመርቃለን! ያውቀው የለም እንዴ ያን ድምፅ፣ ከተማው ሁሉ። እየሰማሁ ፈለግሁ። ብዙ ነገር ብሏል፤ ደህና የምትለውን ግን የሚላት መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፣ ደህና ሰንብቱ ሲል። ከዚያ ቆረጥኋት። ነኝ የምትለውን፣ ክንዱ ነኝ ካለበት ወሰድሁ። አጠጋግቼ ገጠምኋቸውና አጫወትሁ።

ደህና ነኝ፣ አለ ክንዱ።

ጓሮ ባልዲ ወደቀ። እናታችን እጇ አረፋ እንደ ሆነ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አላለቀሰችም። ያን ጊዜ የነበረውን ፊቷን ልጽፍልሽ አልችልም፤ እየሣቀች ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ? ከዚያ ላፕቶፑን አየች፣ እኔን አየች፣ ሣቁ ከፊቷ ወረደ። ድገመው፣ አለችኝ። እማ፣ አይሆንም፣ አልኋት። አንዴ ብቻ፣ አለች። የሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ አልኋትና እያየችኝ አጠፋሁት።

እናታችንን እምቢ ብያት አላውቅም። ግን አንቺም ልጅ ታቅፈሽ እንደዚያ በር ላይ ስትቆሚ ታየኝ። ከክርስትናው በኋላ እውነቱ ሲነገርሽ ያንን ድምፅ ተመልሰሽ ትሰሚዋለሽ። ያን ጊዜ የትኛው የሱ እንደ ሆነ፣ የትኛው የኔ መቀስ እንደ ሆነ በምን ትለያለሽ?

አያ ጎሹ ሲሰማ ነደደ። አንተ ጥሬ፣ ልጅቷ አረማዊ ሆና ብትቀር አንተ ነህ የምትጠየቅላት? አለኝ። መሐላዬን አላፈርስም አያ ጎሹ፣ ከአፌ አንዲት ቃል አትወጣም፤ ክንዱ ያላለውን ግን ክንዱ አለ አልልም፣ አልሁት። ታዲያ ምን ልትልክላት ነው? አለ። ያለውን፣ አልሁት። ሽማግሌ ጥራ፣ ቄስ ጥራ፣ ሌላ አልልክም። እናታችንን አያት፤ ታግዘው መስሎት ነበር። እሷ ወንበር ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች። ክፈተው እስቲ፣ አለችኝ።

የላክሁልሽን ከሷ ጋር ነው የመረጥነው። ስለ ሰማሽው ታውቂዋለሽ፤ ከፍራሹ ማስታወቂያ የተጣለው ቅጂ ነው። ክንዱ ‹ምቾት› ባለ ቁጥር የጎረቤት አህያ ትጮኻለች። ሦስተኛው ላይ፣ እሷም ፍራሽ አምሯታል፣ ይላል። ከዚያ እናታችን ከኋላ፣ ክንዱ ምሳው ቀዘቀዘ! ትላለች። እማ እየቀዳሁ ነው! ይላል። ከቀዳህማ ብላ! ትለዋለች። ከዚያ በሩ ይጮኻል፣ አንተ ልጅ በሩን! ይለኛል፣ ከዚያ መሣቅ ይጀምራል፣ እስኪያልቅ ድረስ ሣቅ ነው። እዚህ ላይ እናታችንም ሣቀች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከቀብሩ በኋላ እንደዚያ ስታለቅስ አላየሁም፤ ቀለል አላት መሰለኝ።

አንድም ቦታ ሳልቆርጥ በቴሌግራም ላክሁልሽ። ከሥሩ፣ ይህ የቆየ ነው፣ ብዬ ጻፍሁ። ሌላ አልጨመርሁም።

መልስሽ በማግሥቱ ደረሰ። ልጅቷ በአህያዋ ደነገጠች፣ በሣቁ ተኛች፤ እማን ሳምልኝ፤ አንተም ትምህርትህን እንዳትተው፣ ይላል። ክርስትናውንም ቀን ቆርጠሽ አስታወቅሽ። ከዚያ ወዲህ ስትደውዪ ክንዱስ ብለሽ ጠይቀሽ አታውቂም። እዚህ ቤት ሁሉ ደስ አለው። ድምፁን ሰምታ ልቧ ረጋ አሉ። አያ ጎሹም፣ አላልኋችሁም? አለ። እኔ፣ የቆየም ቢሆን ማለትሽን አሁንም አልነገርኋቸውም።

ከደብዳቤው ጋር የተሰፋችው ፍላሽ ላይ የሱ ድምፅ ሁሉ አለ፣ እንዳለ። የክንዱን ኮምፒውተር አልከፈትነውም፤ አንድ ሰው ሰብሬ እከፍታለሁ ቢለኝ አያስፈልግም ብዬዋለሁ። በኔ ላፕቶፕ ላይ ግን አዲስ የጋራ ፎልደር ሠርቻለሁ። በዚህኛው ሁላችንም መክፈትም መጨመርም እንችላለን። ስትመጪ የልጅቷን ድምፅ እናስገባበታለን፤ ብታለቅስም ግድ የለም፣ አንቆርጠውም።

የፍራሹ ባለቤት ለክረምቱ አዲስ ማስታወቂያ ፈልጎ መጥቶ ነበር። የክንዱን ደግሜ ላስነግር ሲለኝ፣ የኔን ስማና ካልወደድኸው ተወው አልሁት። ብርድ ልብሶቹ መካከል ገብቼ ቀዳሁለት። ድምፄ አሁንም አንዳንዴ ይሰነጠቅብኛል። ይሁን፣ ይለመዳል አለኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አያ ጎሹ መርዶውን በምን ቃል እንደሚጀምር ሲያጠና ነው የሰነበተው። ጓሮ ጌሾው ሥር ቆሞ ለብቻው ሲናገር፣ መካከል ላይ ድምፁ ሲዘጋበት፣ እንደገና ከመጀመሪያው ሲነሣ አይቼዋለሁ። ያን ያህል መንገድ ለዚያች ቃል ብሎ ነው የመጣው። እያወቅሽም ሳታቋርጪ እንዳስጨረስሽው አውቃለሁ። እግዜር ይስጥሽ።

ልጅቷን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ላንቺ ጉልበት፣ ለሷ ዕድሜ ይስጣችሁ። የጎንደር አርባ አራቱ ታቦት ከመንገድ ይጠብቋችሁ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ብቻ ኑልን።

ታናሽ ወንድምሽ