አጥሩ ክቡን የሚቆርጥበት ቦታ

እናንዬ፣ የቤቴ እመቤት፤

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደብረ ታቦርን ጭጋግ ውጧታል። ክቡን ማድ ቤትሽን አፈረስነው፤ ግድግዳው ዘምሞ ነበር። የመሠረቱ ድንጋይ ግን እንዳለ አለ።

ልጃችን ሰብለ ነገ ጠዋት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ትገባለች። ከዓረብ አገር ከመጣች ወዲህ አንዴ ተፈትና አላለፈችም። «ዘንድሮም ከወደቅሁ ወደዚያው እመለሳለሁ አባባ፤ እንዳይለምኑኝ» ብላኛለች። ያን ከሰማሁ ጀምሮ እህል አይወርድልኝም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ጥያቄ ሰጠኋት። ክቡ x² + y² = 25፣ መስመሩ x + y = 7፤ የት ይገናኛሉ? ኤክስን ሦስትና አራት ብላ በትክክል አገኘች። ዋይን ስትፈልግ ግን መስመሩን ትታ ወደ ክቡ ተመለሰች። ክቡ ለእያንዳንዱ ኤክስ አንድ ፖዘቲቭ፣ አንድ ኔጋቲቭ ሰጣትና አራት ነጥብ ጻፈች። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ አድርጋ ይሆናል አልሁ በልቤ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ነገ አጠገቧ እንደማልኖር አስቤ ዋጥሁት።

የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትቼ በመሠረቱ ድንጋይ ላይ አሻግሬ ወጠርሁት። ያን ማድ ቤት ስንቀይስ ትዝ አለኝ። አንቺ ገመዱን ከችካሉ ጋር ይዘሽ፣ እኔ አመድ እየበተንሁ ስዞር ክቡ አማረልን። የአጥሩን መስመር ስወጥር ግን «ሰውዬ፣ አጥርህ በምድጃዬ ላይ ሊያልፍ ነው!» ብለሽ ጮኽሽብኝ።

ሰብለ በካፊያው ውስጥ ገመዱን ተከትላ ሄደች። በአንድ በኩል ወደ ክቡ ገባች፣ በሌላው ወጣች። ቆመች። ዞራ አየችኝ። «ታዲያ አራቱን ከየት አመጣኋቸው?» አለች በቁጣ። ገመዱን ፈትቼ ጠቀለልሁ። ቤት ገብታ እያንዳንዱን ነጥብ በሁለቱም እኩልዮሽ ሞከረችና ሁለቱን ሰረዘች። «ዝምታዎ ከዱላ ይብሳል» አለችኝ፤ ሳቀች ግን።

አሁን ሻንጣዋን ዘግታለች። ፓስፖርቷን አምጥታ «ውጤቱ እስኪመጣ እርስዎ ጋር ይሁን» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችው። አልደበቅሁትም፤ ከፎቶሽ ሥር፣ በምታየው ቦታ አኖርሁት። ከጠየቀችኝ እሰጣታለሁ።

ልጃችን ብትቀርም ብትሄድም፣ ዓይኔ እስኪከደን ድረስ አንቺን ከዚህ ቤት አላጎድልሽም።

ባልሽ