ስለ ፈሪሳውያን ያስተማርኩበት ዕለት

እሁድ፣ ኅዳር 7

ሳምንት ሙሉ የተዘጋጀሁበት ትምህርት ገደል ገባ! ፌኸንሃይም በሚባለው ሰፈር ለቤተ ክርስቲያናችን በተከራየነው አዳራሽ፣ በኢየሱስ ዘመን ስለነበሩት የአይሁድ ወገኖች ሳስተምር ነበር። ፈሪሳውያን በትንሣኤ እንደሚያምኑ፣ ሰዱቃውያን ግን እንደማያምኑ ሳስረዳ ከምእመናኑ አንዱ፣ ጋሽ ታደሰ፣ አቋረጡኝ።

“ፈሪሳዊማ እዚሁ አለችልሽ፤ መዝሙር ላይ ድራም የምትከለክለን!” አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎረቤት እንዳይከሰን ድራሙ ይቀነስ ያለችው ጓደኛዬ ሰናይት ተነስታ ወጣች።

ትምህርቱን ትቼ ተከተልኳት። ትራም ፌርማታው ላይ ደረስኩባት።

“እኔን ለማሰደብ ነው የተዘጋጀሽው?” አለችኝ።

“ኧረ ሰናይት! ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ስለነበሩ ሰዎች ነው ያወራሁት! ደግሞ ፈሪሳዊ ስድብ አይደለም!” ብዬ ጮህኩባት። መንገደኛው ዞሮ አየን።

ትራሙ ሲመጣ ተሳፈረች። እየተናደድኩ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስክንወርድ ድረስ ቦታ አልቀየረችም።