ከፍራሹ ዘፈንና ከ«ጠቅ አርጊኝ» የትኛው እንደሚብስ ይፈርዱልን ዘንድ

ለክቡር ድምፃዊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለመላው ጤንነትዎ፣ ይልቁንም ለጉሮሮዎ፣ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ይህች ደብዳቤ እጅዎ ስትገባ በሰላምና በደስታ፣ በጥሩ ፍራሽም ላይ አረፍ ብለው እንደምታገኝዎ ተስፋ አለኝ። እኛ ደህና ነን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ለእርስዎ መዋሸት ስለማይገባ ትቼዋለሁ።

ማንነቴን እንዳልደብቅዎ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። እናታችንም ከእኛው ጋር ነው የምትኖረው። ሁላችንም አድናቂዎችዎ ነን፤ ችግራችንም ይኸው ነው። አቤቱታዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው በቁጥር የተጻፈ ነገር ይቀለዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፣ ባል ስላመጡልኝ። ይህ አቤቱታ ይሁን ምስጋና እርስዎ ይመድቡት። የመጀመሪያው ካሴትዎ በወጣ ሰሞን ወንድሜ ካሴቱ ነበረው፣ ማጫወቻ አልነበረውም፤ የዛሬው ባለቤቴ ማጫወቻ ነበረው፣ ካሴቱ አልነበረውም። ሁለቱ በዚህ ተዋውቀው ማታ ማታ እኛ ቤት እየተቀመጡ «የጓሮው በር»ን ያዳምጡ ነበር። ምናልባት ከረሱት ላስታውስዎ፤ አንድ ሰው የሚወዳት ልጅ በር ላይ ቆሞ ላንኳኳ አላንኳኳ እያለ ሲያመነታ የሚያሳይ ዘፈን ነው። መጨረሻው ላይ ድምፅዎን ቀስ አድርገው ከፍ ያደርጉትና እዚያው ላይ ይተዉታል። እኔ እዚያ ቦታ ሲደርስ የልብስ መኪናዬን መርገጫ አቆም ነበር። እናቴ ደግሞ ትዕግሥቷ አልቆ «እስቲ አንኳኳ! ምን ይገትርሃል?» እያለች ትቆጣዎ ነበር። እርስዎ እስከ ዛሬ አላንኳኩም። ባለቤቴ ግን ምክሩን ለራሱ ወስዶ በማግስቱ ሽማግሌ ላከ።

ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ ስለሠሯቸው ሥራዎች። ተሰጥኦ የሌለው ሰው ላባክን ቢል ምኑን ያባክናል? እርስዎ ግን የተሰጠዎ ብዙ ስለነበረ አባክኖ ለመጨረስ ረጅም ዘመን ወስዶብዎታል፤ ስላሳዩት ትዕግሥት በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ። በተለይም ደካማ ዘፈኖችዎን በዛ አድርገው ስለሠሩልን፣ ከመካከላቸው ዋነኛውን ለመምረጥ ሰው ሁሉ የየራሱን ሐሳብ የሚሰጥበት ሰፊ ሜዳ ተከፍቷል።

ባለቤቴ ለፍራሽ ፋብሪካው የዘፈኑትን ይመርጣል። «እኛን ያስለቀሰበትን ድምፅ ወስዶ ‹ወገቤ ዳነ› ይልበታል! ይሄ ድምፅ ለፍራሽ ነው የተፈጠረው?» ይላል። ወንድሜ በበኩሉ «ጠቅ አርጊኝ»ን የሚያህል የለም ባይ ነው። «ለፍራሽም ይሁን ለትራስ ድምፁ የራሱ ነው» ይላል። «እዚህኛው ላይ ግን ሰውዬው ራሱ የታለ? ድምፁን በማሽን አሽተው አሽተው ጨረሱት። ሊሞት የደረሰ የፍሪጅ ኮምፕረሰር እንደዚህ ነው የሚያለቅሰው፤ እኔ በየቀኑ የምሰማው ነገር ነው።»

ይህ ክርክር ለዓመታት የቤታችን ጨው ነበር። ራት ላይ ይነሳል፣ ሻይ ላይ ይበርዳል፣ በነጋታው ደግሞ እንደ አዲስ ይፈላል። ሁለቱም ተሟግተው ሲደክማቸው ያችኑ አሮጌ ካሴት ያስገቡና ዝም ብለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሬዲዮው። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ «ከድምፃዊው ሥራዎች ደካማው የቱ ነው?» የሚል የስልክ ውይይት ማዘጋጀቱን እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም። እኔ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ሬዲዮኑን ከፍቻለሁ። መጀመሪያ ወንድሜ ከሱቁ ደወለ። ስሙን አልተናገረም፤ እኔ ግን በአንድ ቃል ለየሁት። ስለ ኮምፕረሰሩ አስረዳ፤ ጋዜጠኛውም ሳቀለት። ትንሽ ቆይቶ ሌላ አድማጭ ከአውቶቡስ ማዞሪያ ላይ ገባ። ከኋላው የጡሩንባ ድምፅ ይሰማል፤ ባለቤቴ ነው።

«ቀደም ሲል የደወሉት አድማጭ ከፍሪጅ ጋር ብዙ ስለዋሉ ጆሯቸው ሳይበርድ አልቀረም» አለ፣ በትሕትና።

ወንድሜ ተመልሶ ደወለና «ሹፌር መንገድ እንጂ ሙዚቃ ያውቃል ብዬ አልጠብቅም» ሲል መለሰ፤ እሱም በትሕትና።

እኔ እዚህ ሆኜ እየሳቅኩ ነበር። ከዚያ ባለቤቴ ለሁለተኛ ጊዜ ገባ፤ «ወይ ጉድ! ዕድሜውን ሙሉ በእህቱ ቤት ተጠግቶ የሚኖር ሰው ስለ ተሰጥኦ መባከን ሊያስተምረን ነው?» አለ።

ጋዜጠኛው ሙዚቃ አስገባ። የፍራሹን ነበር ያስገባው።

ክቡር ሆይ፤ ወንድሜ ያን ቀን ከሥራ ሲመለስ ፊቱን አልታጠበም፣ ራትም አልቀመሰም። ልብሱንና ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ሲወጣ እናቴ «ወዴት ነው?» ብትለው «ሱቅ ሥራ በዝቶብኛል፣ እዚያው አድራለሁ» አላት። ባለቤቴ ሲገባ ባዶውን አልጋ አየ፤ እኔን አየ። «ምነው አፌን በለጎመልኝ…» ብሎ ሳይጨርስ ተቀመጠ። ይቅርታ የሚባለው ነገር ከጉሮሮው እንደማይወጣ ከጋብቻችን መጀመሪያ ጀምሮ አውቃለሁ። ወንድሜ በበኩሉ እንኳን ተሰድቦ፣ ተመስግኖም ያኮርፋል። ለወትሮው አንድ ካሴትና አንድ ማጫወቻ ያስታርቋቸው ነበር፤ አሁን ካሴቱ ከወንድሜ ጋር ሄዷል፣ ማጫወቻው እኛ ጋ ቀርቷል።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ለቁጥር አይመችም።

እናቴ መታጠቢያ ቤት ተንሸራታ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል በከረመችበት ጊዜ አማቾቹ አንድም ቀን አልተገናኙም፤ አንዱ ጠዋት ሲመጣ ሌላው ማታ ይመጣል። ሁለቱም ብርቱካን ይዘው እየመጡ የአልጋዋ ራስጌ የፍራፍሬ ሱቅ መሰለ። እሷም ለጠዋቱ «ያኛው ደህና ነው?» ትለዋለች፤ ለማታውም «ያኛው ደህና ነው?» ትለዋለች። ሁለቱም «ደህና ነው» ይላሉ። አንዳቸውም አያውቁም።

ወደ ቤት የምትመለስበት ቀን ግን ደረሰ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ሰው በወንበር ተሸክሞ ለማውጣት ሁለት ወንድ ያስፈልጋል፣ ያለን ወንድ ደግሞ በትክክል ሁለት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጠራኋቸው፣ ስለ ሌላኛው መምጣት ግን ለአንዳቸውም አልነገርኩም። ደጃፉ ላይ ሲገጣጠሙ ወንድሜ ቀበቶውን አየ፣ ባለቤቴ ሰማዩን አየ። ከዚያ አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ ሆነው ወንበሩን አነሱ።

አንደኛ ፎቅ በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከአንድ ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ ከሥራዎችዎ ሁሉ መርጦ የሚያጫውተው «ጠቅ አርጊኝ»ን ሆነ። ወንድሜ እያለከለከ «አሁን ይሄ ሰው ነው?» አለ። ለማን እንደተናገረ አይታወቅም። ባለቤቴ «ሰውዬው የሞተው ፍራሹ ላይ ነው» ብሎ መለሰ፤ እሱም ለግድግዳው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ወንበሩን አስቀመጡትና ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ጎረቤት በሩን ከፍቶ ወጣ። እዚያው ፎቅ ላይ ያሉ አንድ ጡረተኛ በፒጃማቸው ብቅ ብለው «እኔ እንኳ ሁለቱም ናቸው እላለሁ» አሉ፤ የሚሰማቸው አላገኙም። ወንድሜ «ተጠግቶ የሚኖር ሰው ነኝና ሐሳቤ አይቆጠርም!» አለ። ባለቤቴ «እኔ እንደዚያ ማለቴ…» ብሎ ጀመረና «…አንተም ሹፌር አያውቅም ብለሃል!» ብሎ ጨረሰው።

እናቴ በሁለቱ መካከል በወንበሯ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። ተራዋን ጠብቃ እንዲህ አለች፦

«ልጆቼ፣ እሱን በደንብ አውርዳችሁታል። አሁን እኔን አውጡኝ።»

ጡረተኛው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያም አለቀስኩ። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ወንበሩን አነሱ፤ እስከ ላይም አወጧት። ወንድሜ እናቱን አልጋዋ ድረስ አድርሶ ግንባሯን ሳመና ወጣ። ባለቤቴ በሩን ይዞ «ሻይ እንኳ…» አለ። ወንድሜ ደረጃውን እየወረደ «ሥራ አለብኝ» አለ። ያን ቀን እሁድ ነበር።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በፍሪጆች መካከል ይተኛል፤ ባለቤቴ ከራት በኋላ የሚከራከረው አጥቶ ቴሌቪዥን ላይ ያፈጣል። እናቴ ምግብ ሲቀርብላት «ሁሉም ሲሟላ እበላለሁ» ትላለች። ስለዚህ በእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎት፣ ከሁለቱ ዘፈኖች የትኛው እንደሚብስ በፊርማዎ አረጋግጠው አንድ መስመር ጽፈው እንዲልኩልን ነው። ከእርስዎ የተሻለ ምስክር የለም፤ ሁለቱም ሲሠሩ እዚያው ነበሩ። የተረታው ወገን ይግባኝ እንደማይል ከወዲሁ ቃል እገባለሁ። እግረ መንገድዎን የጓሮውን በር ያንኳኩ ወይም ይሂዱ፤ እናቴ አሁንም ትጠይቃለች።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለድካምዎ ሁሉ፣ ላልደከሙበትም ሁሉ፣ ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

በመርፌና በክር የማድር ታማኝ አድማጭዎ፣
የሹፌሩ ሚስት፣ የፍሪጅ ጠጋኙ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ሰነበትኩ፤ አሁን ደግሞ ፍርድዎ የማያስፈልግበት ሁኔታ ስለተፈጠረ ላሳውቅዎ ይገባል። ትናንት ወንድሜ ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው ብሎ እናቱን ሊጠይቅ መጣ፤ ባለቤቴ ደግሞ አውቶቡሱ ተበላሽቶበት ሳይታሰብ ገባ። ሁለቱ የእናቴ አልጋ ግራና ቀኝ በኩርፊያ እንደተቀመጡ አዲሱ ዘፈንዎ በሬዲዮ ተለቀቀ። ለቀለም ፋብሪካ የተዘፈነ ነው፤ ድምፅዎም ከዳር እስከ ዳር በማሽን ታሽቷል። ሁለቱ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ከዚያ ቀና ብለው ተያዩ፤ እኔ ካገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር፣ ይኸኛው ከሁለቱም እንደሚብስ፣ ተስማሙና ሳቃቸው አመለጣቸው። ባለቤቴ ሳቁ ሲያቆምለት «ያን ቀን ሬዲዮ ላይ ያልኩህ…» አለ። ይቅርታ የምትለዋ ቃል አሁንም አልወጣችም፤ ወንድሜ ግን «ተወው፣ ገብቶኛል» አለውና ብርድ ልብሱን ሊያመጣ ሄደ። ለዚህ ውለታዎ ምን እንደምከፍልዎ አላውቅም።

እናቴ ግን ስንስቅ ግራ ገብቷት «ማነው የሚዘፍነው?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ «አዲስ ጀማሪ ነው፣ እማዬ» አላት።

«አይዞህ በሉት» አለች፤ «ይለምዳል።»