ያልሳምኳቸው እትዬ ወርቄ

እሑድ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1972 ዓ.ም.

የዓይን በሽታው እስኪያልፍ መሳሳም ይቅር ብዬ ለቀበሌው ሕዝብ የተናገርኩት እኔው ነኝ፣ የጤና ኮሚቴው ተጠሪ። ዓርብ ዕለት አዲሱ ገበያ ላይ ጎረቤቴ እትዬ ወርቄ ጉንጫቸውን ሲሰጡኝ፣ ከሩቅ እጅ ነሥቼ አለፍኳቸው። ዛሬ ሦስት ሽማግሌ ይዘው ቤቴ ከተፍ!

«ምን በደልኩህ ልጄ?»

«በሽታውን ፈርቼ ነው እትዬ» ብል ማን ሰምቶኝ!

«በሽታው የእግዜር ነው፤ ቂሙ ግን የራስህ ነው» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ደስታ፣ ጥቁር መነጽራቸውን እንዳደረጉ።

በቃ፣ ታረቅን። ያለ መሳሳም ደግሞ እርቅ የለም። እትዬን ሳምኩ፤ ሽማግሌዎቹንም ሳምኩ። ጋሽ ደስታ እንባቸውን ሊጠርጉ መነጽራቸውን ቢያወልቁ፣ ዓይናቸው በርበሬ መስሏል።

አሁን ግራ ዓይኔን እየበላኝ ነው። የነገውን የጥንቃቄ ስብሰባ የምመራው እኔ ነኝ። ጥቁር መነጽር ያላቸው ደግሞ በሰፈሩ ጋሽ ደስታ ብቻ ናቸው።