አውጫጭኝ ላይ ያልተናገርኩት

መዘዞ፣ ሰኔ 22 ቀን

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሲያለቅስ የከረመን ሰው ደህና ነህ ወይ ማለቱንም ፈርቼ ነበር። እንቅልፍ ይወስድሃል? እህል ትቀምሳለህ? ሚስትህስ ከአልጋ ተነሣች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ዝናቡ በጊዜው ጀምሯል፣ በጎቹም ደህና ናቸው። ጉልበቴ ብቻ ዳገት እምቢ ብሎኛል።

የላክኸውን ቪዲዮ ልጄ በስልኳ አሳየችኝ። በዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት ቆመህ ስትናገር እሷ እየተረጎመች ነገረችኝ። ከልጅነትህም አፈኛ ነበርህ፤ አባባ «ይህ ልጅ ዳኛ ካልሆነ ሀገር ያውካል» ይልህ አልነበር? ልጃችን ሳምሶን መኪናው ተበላሽቶበት እርዳታ ሊጠይቅ በር ቢያንኳኳ፣ ሰውየው ከውስጥ ሆኖ ተኮሰበት። ፍርድ ቤት ቀርቦ ፈርቼ ነው አለ፣ ሕጉም ፈርቶ ለተኮሰ ያዝናል ተብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ይቅርታ እንኳ አልጠየቀኝም አልክ። መሣሪያ ያነሣ ሁሉ ለተኮሳት ጥይት ይጠየቅ ስትል አጨበጨቡልህ፤ እኔም አለቀስኩ። እውነትህን ነው። ግን ያን ቃል ስሰማ የራሳችን ደጅ ትዝ አለኝ።

ለሳምሶን ለቅሶ ስንቀመጥ ጎረቤታችን ሥርጉት ሦስቱንም ቀን ከጎኔ አልተለየችም። ወንዶቹ እንደ ወጉ ሊተኩሱ መሣሪያ ሲያነሡ ጓዳ ገብታ ጆሮዋን ያዘች። ልጇ ሀይማኖት ከሞተች ወዲህ እንዲህ ናት። እኔም ወጥቼ በጥይት ለሞተ ልጅ ጥይት አይጮህም አልኳቸውና ተዉት። በሦስተኛው ቀን ቀስ ብላ፣ የወንድምሽን ልጅ የገደለው ታወቀ ወይ አለችኝ። ታውቋል፣ ግን አልተቀጣም አልኳት። «ወንድምሽስ ታድሏል» አለች፤ «ማንን እንደሚረግም ያውቃል። እኔ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ ያገኘሁትን ወንድ ሁሉ፣ ይህ ይሆን እያልኩ ነው ሰላም የምለው።»

የታላቃችንን የምህረቱን ሠርግ አልረሳኸውም። ሙሽራዋ ስትገባ ከአሥር የማያንስ መሣሪያ ባንድ ጊዜ ጮኸ። የሌላው ሁሉ ወደ ሰማይ ነበር። አንተን ድንጋይ አደናቀፈህና የአባባ ጠመንጃ አፈሙዙ ወደ ሥርጉት ግቢ ሲዘነበል ተኮሰ። ሀይማኖት እዚያ አጥሩ ሥር ቆማ ሙሽራ ታይ ነበር። ያን ጊዜ ፊትህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሀገሩ አውጫጭኝ ተቀምጦ፣ ቄሱ መስቀል ይዘው፣ ሽማግሌው ጋሽ ወልደአረጋይ ተራ በተራ ሲጠይቁን፣ አላየሁም ብዬ ማልኩ። አንተም ማልክ። ማን እንደሆነ አይለይም ተብሎ ተበተንን፣ በዓመቱ አሜሪካ ሄድክ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። አንተም ግን አልረሳህም። በደወልክ ቁጥር የጎረቤቱን ሁሉ ደህንነት ትጠይቀኛለህ፤ ሥርጉትን ግን አንድም ቀን ጠይቀህ አታውቅም።

የሳምሶን ሞት የዚያ ቅጣት ነው አልልህም። እግዚአብሔር ልጅን በልጅ አይለውጥም። ነገር ግን ያ ሰው ደጅህ መጥቶ እግርህ ላይ እንዲወድቅ እንዴት እንደምትመኝ አይቻለሁ፤ ሥርጉትም የምትጠብቀው ይህንኑ ነው። ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ሽማግሌዎቹን ይዤ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ደጇ እሄዳለሁ። በገዛ አፍህ ልትነግራት ከፈለግህ ስልኩን እኔ እይዝላታለሁ። ዝም ብትልም እሄዳለሁ። አንተን ብቻ ላስይዝ አይደለም፣ የተሸከምኩት የራሴም አለ። ይህን በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስለ ዝናብና ስለ በግ አውርቼ ዘጋሁ፤ ለዚህ ነው በወረቀት የላክሁልህ።

የሳምሶንን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ለሚስትህ መጽናናቱን፣ ለአንተ ደግሞ ልብ ይስጥህ።

ያን ቀን ጥይቱን ከመቀነቷ እየፈታች «አንድ ድገም» ያለችህ እህትህ