የዶሮው ራስ የዞረ ዕለት

ሼቶው፣ ታይዋን
በአሥራ ሁለተኛው ጨረቃ፣ በሃያ አንደኛው ቀን

ለልጄ ለአ-ሆንግ፤

እንዴት ከርመሃል? የቬትናም ሙቀት እንዴት ይዞሃል፣ ሆድህስ ተሻለህ? እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ግን አልተናደድኩም ማለቴ አይደለም። ስልክህን የማላነሳው ለዚህ ነው። ስልክ ሲሆን «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ትላለህ፤ ደብዳቤውን ግን ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ!

በዓመቱ መዝጊያ ግብዣ ላይ ያደረግከውን አንተ ብትረሳው እኔ እስክሞት አልረሳውም። ካልሲ ፋብሪካችን ግቢ ውስጥ ድንኳን ጥለን፣ ሠራተኞቹ ሴቶች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። አንተ መምጣት ስላልሆነልህ ስልኬን ከቢራ ጠርሙስ ጋር አስደግፌ ባዶ ወንበርህ ፊት አቆምኩህ። ቅቅሉ ዶሮ ከነጭንቅላቱ ሲቀርብ ራሱ ወደ አሠሪው መዞር እንዳለበት ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቃለህ። የዶሮው ራስ የዞረበት ሠራተኛ ከበዓል በኋላ አይመለስም። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁልጊዜ ወደ ራሱ እያዞረ «እኔን አባሩኝ፣ ልረፍበት!» እያለ ያስቃቸው ነበር። ዘንድሮ ምግብ ቤቱ የላከው አስተናጋጅ ባዶውን ወንበር ሲያይ ግራ ገባው መሰለኝ፣ ሳህኑን አዙሮ አስቀመጠው። የዶሮው ራስ ዩ-ሉዋን ላይ ፈጠጠ።

ዩ-ሉዋን ላይ! አንተን በጀርባዋ አዝላ የካልሲ ጫፍ ስትሰፋ የኖረችው ሴት ላይ!

ስህተት ነው፣ በሳቅ ያልፋል ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ማንም አልሳቀም። ለካ ማሽኖቹን ነቅለህ ቬትናም ልትወስድ መሆኑ፣ እኔ ሳይገባኝ እነሱ ገብቷቸው ኖሯል። በዋዜማው ሁለት ሰዎች መጥተው ማሽኖቹን በሜትር ሲለኩ ነበር። ደውዬ ስጠይቅህ «ለመድን ነው እማ» አልከኝ፤ እኔ ሞኟ አምኜህ ለሴቶቹም ይህንኑ ነገርኳቸው። ዩ-ሉዋን ቀና ብላ አየችኝና «እትዬ፣ መድን ያሉን ይሄንን ነው?» አለችኝ። ወደ ስልኩም ዞራ፣ «አ-ሆንግ፣ ልጄ፣ አዙሩት በላቸው እንጂ!» አለችህ። አየሃት፣ ሰማሃትም። «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ብለህ ዘጋኸው።

ደሜ ፈላ! ዶሮውን ነጥቄ ወደ ራሴ አዞርኩት፤ ግን ከዚያ ወዲያ ማን ይብላ? አንድ በአንድ ሳህናቸውን እየገፉ ወጡ። ሠራተኛ ማሰናበት ያለ ነገር ነው። አባትህም በክፉ ዓመት አሰናብቷል፤ ግን ቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ ፊታቸው ተቀምጦ፣ እየተሰደበ ነው። አንተ ግን አፍህ የፈራውን የሞተ ዶሮ ተናገረልህ። እኔንም በሽምግልናዬ ውሸታም አደረግከኝ።

«ዓለም አንድ ገበያ ሆኗል እማ፣ አልገባሽም» ትለኛለህ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! ካልሲያችን ባሕር ሲሻገር አንተ ገና ድክ ድክ ማለት አልጀመርክም። ያኔ ገዢው «ቀለም ጨምሩልኝ» ይል ነበር፤ አሁን የሚያውቀው ቃል «ቀንሱ» ብቻ ነው። ርካሹ ካልሲ ከውጭ ሲጎርፍ ግማሹ ሰፈር ማሽኑን በቁራጭ ብረት ዋጋ ሲሸጥ ዓይኔ አይቷል፤ አልክድህም። የእኛ ዋጋ ውድ ነው፤ ወጣቱም እዚህ ከክር ጋር ሲታገል መዋል አይፈልግም። ግን እግራቸው ለሚያብጥ አረጋውያን የምንሠራውን፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የማይጠብቀውን ካልሲ ጃፓኖቹ ሳይከራከሩ ነው የሚወስዱት። ትንሽ ትእዛዝ ነው ብለህ ናቅከው። ዓመቱን ሙሉ እነዚህን ሴቶች ያበላቸው እኮ እሱ ነው!

ደግሞ ልንገርህ። የዚያ የምትመካበት ትልቁ ገዢህ ወኪል ባለፈው ሳምንት በዚህ ሲያልፍ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። አሮጊት አትሰማም ብሎ ነው መሰል፣ ፊቴ ቁጭ ብሎ በስልክ፣ «ቬትናምም ተወደደች፤ አፍሪካ ውስጥ ኢትዮጵያ የምትባል አገር አለች፣ እዚያ ደመወዙ ከቬትናሙም ያንሳል» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። የዚያ አገር ሴቶች ምን አደረጉኝ፣ ሠርተው ይብሉ! እነሱንም ነገ «ተወደዳችሁ» ብሎ ጥሏቸው ይሄዳል። አንተስ? ማሽኖቹን ሁሉ ከዚህ ነቅለህ ቬትናም ከተከልክ በኋላ ሰውዬው ሲሄድ የት ልትገባ ነው?

ትናንት ማሽኖቹን ሊጭን የላክኸው መኪና ሲመጣ የፋብሪካው በር ላይ ወንበር ዘርግቼ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው። ዩ-ሉዋንም መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። ሹፌሩ፣ «እማማ፣ ይነሡልኝ እንጂ፣ እኔ ታዝዤ ነው» አለ።

«እንግዲያው ከነወንበሬ ጫነኝ!» አልኩት።

ቢጨንቀው ላንተ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም እንሰማለን። ጮኸህ ታስነሣኛለህ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። አንተ ግን «ተዋት፣ ባዶህን ተመለስ» አልከው። ሊዘጋው ሲል ደግሞ፣ ቀስ ብለህ፣ «እናቴ ምሳ በልታለች?» አልከው። ሹፌሩ አየት አደረገኝና «በልተዋል» አለህ።

ማሽኖቹ አልተነቃነቁም፤ ዛሬ ከዩ-ሉዋን ጋር ዘይት ስንቀባቸው ዋልን። ለአዲስ ዓመት ስትመጣ መጀመሪያ እሷ ቤት ሂድ። ፊቷ ተቀመጥና የልቧ እስኪደርስ ትስደብህ። ከዚያ ወደ ቤት ና።

አባትህ ከላይ ይጠብቅህ፤ መንገድህ የቀና፣ እንቅልፍህ የሰላም ይሁን። ሹፌሩን ግን አትመነው። አልበላሁም።

እናትህ፣
ሊዩ ፌንግ-ዪ