የኮሌጁ ዕጣ

ጥቅምት ፬ ቀን፣ ደብረ ታቦር

የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ቴክኖሎጂ የምማርበት ኮሌጅ ዛሬ በዕጣ ተለየ።

ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሜን ታጣቂዎች በአዲስ አበባ መንገድ ከአውቶቡስ አስወርደው ወሰዱት፤ እስካሁን ድምፁ አልተሰማም። አባቴም "በዚያ መንገድ ሌላ ልጅ አልልክም" ብለው ነበር። አላስቀምጥ ባልኋቸው ጊዜ፣ "እንግዲያስ እግዚአብሔር ይምረጥ" አሉ። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ ብዬ በሦስት ወረቀት ጽፌ እንድጠቀልል አዘዙኝ። እልሄ ገፋፋኝና ሦስቱም ላይ አዲስ አበባ ብዬ ጻፍሁ።

የንስሐ አባታችን ሦስት ቀን ጸልየውበት ዛሬ አንዱን አወጡ። አባቴ ወረቀቱን ተሳልመው አለቀሱ።

"እሱ ካለ እኔ ምን እላለሁ? ራሴው አደርስሻለሁ" አሉኝ።

ሻንጣዬን ላወርድ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ነገ አብረን እንሳፈራለን። ሁለቱ ዕጣዎች ሳይከፈቱ በንስሐ አባታችን እጅ ቀርተዋል። አንዱን ከፍተው ቢመጡ ብዬ ደጅ ደጁን አያለሁ።